የሀብታም በሽታ ነው ያልከው

ታዴ፣ የኔ ግትር፤

እንዴት ነህ አልልህም፤ እንዴት እንደሆንክማ ቀብሬህ መጥቻለሁ። ከተለያየን አስራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ልጽፍልህ የተነሣሁት ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ እንዳይመስልህ። ናፍቆቱስ አለ። ግን ተናድጃለሁ። ንዴቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። አሁንም እዚያው የስደተኛው ሰፈር ኢስሊ፣ እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ነን። የሚያፈሰውን ጣሪያ አከራዩ በስንት ጭቅጭቅ አስደፍኖታል። ልጅህ ሂሩት በቁመት ልትደርስብኝ ነው፤ ስዋሂሊውን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች፣ እኔ ገበያ ላይ ስሳሳት ታፍርብኛለች። ገበያ ስወጣ አንተ ትዝ ትለኛለህ፤ ድንቹ ከየት ተራራ እንደመጣ፣ ሙዙ በምን አፈር እንደሚበቅል ሳታስተምር አትገዛም ነበር። ሻጮቹ በጂኦግራፊህ ይስቁብህ ነበር፣ እኔም አብሬ። አሁን የሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን የአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት አጸዳለሁ። አዎ፣ የመምህር ታደሰ ሚስት። ብትኖር እሺ አትልም ነበር፤ ስለሌለህ ማን ይጠይቅሃል!

እንዲያውም ነገሩ የጀመረኝ እዚያው ቤት ነው። አንድ ቀን የሽማግሌውን ኮመዲኖ ስወለውል የመድኃኒት እሽግ አየሁ። ከሞትክ በኋላ ከኮትህ ኪስ ያገኘኋት ያችው ነጭ እንክብል፣ ስሟም ሳይቀር። ክው አልኩ። ወጥ ቤት የምትሠራዋን ሴት ብጠይቃት፣ ፕሬሸር አለበት፣ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው አለችኝ። ሃያ ዓመት! አንተ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላህ። ሰውዬው ሰባ አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ውሻውን ይዞ በእግሩ ይሄዳል፤ ለልብህ ጥሩ ነው ብሎታል ሐኪሙ። አንተም በእግርህ ትሄድ ነበር እኮ! የማታቱ ታክሲዋን ሳንቲም ለሂሩት ደብተር ብለህ ከኢስሊ እስከ ኢንደስትሪያል ኤርያ መጋዘን ድረስ፤ ከደረስክ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ልትሸከም። እሱ ሲመለስ ቁርሱ ቀርቦ፣ ጋዜጣው ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። በሽታው አንድ፣ እንክብሉ አንድ። እሱ አለ፣ አንተ መንገድ ዳር ወድቀህ ቀረህ።

ክሊኒኩ ደም ብዛት አለብህ፣ ዕድሜ ልክህን በየቀኑ አንድ እንክብል ትውጣለህ ያለህ ዕለት ሳቅክ። ይሄ የሀብታም በሽታ ነው፣ እኔ የትኛውን ሥጋ በልቼ፣ የትኛውን ቅቤ ጠጥቼ አልክ። በኡጋሊ ገንፎና በሱኩማ ጎመን ልብ ይታመማል ወይ እያልክ እኔንም አሳቅከኝ። እኔ ጅሏ አመንኩህ። ሀገር ቤት እያለን የልብ በሽታ ሲባል የምንሰማው በባለሥልጣንና በነጋዴ አልነበር? ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ ድነሃል አለኝ ስትለኝም እሰየው አልኩ። ለካ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰህ ደጁን እንኳ አልረገጥክም።

ስትሞት ደግሞ ጉዱን ባየህ። ዕድርተኛው ግልብጥ ብሎ መጣ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ የሬሳ መኪናው፣ አንድ የጎደለ ነገር የለም። ሁሉም እጁን ፈታ። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ይሄ ሁሉ ስንት ዓመት መድኃኒት በገዛለት እል ነበር። ያለቀስኩት ግማሹ በዚያ ተናድጄ ነው። ግን በማን ልፍረድ? ታምሜያለሁ ብለህ ለማን ነገርክ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ራሴን ሲያዞረኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ ክንዴን ጠፍራ ለካችኝና ፊቷ ተለወጠ። እኔንም ይዞኛል፣ ታዴ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የአንድ ወር እንክብል ገዛሁ፣ ሁለት ወር ይበቃኛል ብዬ በምላጭ ገመስኩት፣ ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት። አንተን ስወቅስ የከረምኩት ሴትዮ!

ሂሩት አገኘችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆነሻል ብላት፣ አባዬም እንዲህ ነበር የሚቆርጠው፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት አለችኝ። የአስር ዓመት ልጅ ነበረች! ስንት ልጅ ያስተማርክ ሰው እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ለራስህ ልጅ ታሸክማለህ? ይሄን ሁሉ ወር ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የአባትሽ ነው፣ የእኔም ነው አልኳት። ይህን መቼ ይቅር እንደምልህ አላውቅም።

በማግስቱ እሁድ ዕድሩ ሳውዝ ሲ ሰፈር ተሰበሰበ። ተነሣሁና ደም ብዛት ይዞኛል፣ የመድኃኒቱን መክፈል አቅቶኛል አልኩ።  ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ደንባችን ለቀብር እንጂ ለሕመም አያወጣም አሉ። እንግዲያውስ ለድንኳኑ ከአሁኑ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄንም አደራ ብዬ ልቀመጥ ስል አቶ ወልዳይ ተነሡ፤ የአስመራው፣ ሁልጊዜ ካንተ ጎን የሚቀመጡት። እኔንም ከያዘኝ አራት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ተነሣ። ከዚያም ሌላ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ በገንኩ። ሁለታችሁ በየወሩ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሁለታችሁም ማጅራታችሁን እያሻሻችሁ፣ ደርግ መቼ እንደሚወድቅ ስትተነትኑ ትውሉ ነበር። ስለ ራሳችሁ ልብ አንዲት ቃል አትተነፍሱም! አንዳችሁ ብትናገሩ ሌላው ይናገር ነበር እኮ።

ብዙ ተጨቃጨቁ። አንዱ ዕድሩ ይከስራል አለ፣ አንዷ ሰው ሁሉ ታምሜያለሁ እያለ ይመጣል አለች። በመጨረሻ ግን ለስድስት ወር ይሞከር ተባለና የመድኃኒት መዋጮ ለብቻ ተጀመረ። የእኔን እንክብል ሂሩት ናት የምትሰጠኝ፣ ስውጥ ቆማ ታየኛለች።

በለቅሶህ ቀን ደረቴን እየደቃሁ ምነው ይዘኸኝ በሄድክ ያልኩት ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ያን ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። አልረሳህም፣ ታዴ፤ እስካለሁ ድረስ በልቤ ነህ። ግን አትጠብቀኝ። ልጅ አሳድጋለሁ።

የተናደደችብህ ሚስትህ፣
አልማዝ