የዘነቡ ወንበር

ማክሰኞ፣ ጁን 12 ቀን 2018

አልመጣችም። ሰዉ ሁሉ ተሳፍሮ የመጨረሻ ጥሪ ሲባል እኔ አንገቴን አስግጌ በፍተሻው በኩል አያለሁ። ዘነቡ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ «ኧረ ቆይኝ፣ ወሬኛ!» እያለች የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ከሎስ አንጀለስ አይስላንድ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ከጎኔ ያለው ወንበር የእሷ ነው። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። ነውር መሰለኝና መልሼ አነሳሁት።

ይህን ደብተር አንድ ቀን ሳነበው ራሴን እንዳላታልል እውነቱን ልጻፍ። ዘነቡ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ ሎስ አንጀለስ ባለው የእኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ የሀበሻ ልብስ ትሰፋለች። በረዶ ላይ መራመዱም ፏፏቴ ማየቱም የእሷ ሐሳብ ነው። ቪዲዮ አይታ፣ «ሮሚ፣ ጉልበታችን ሳይከዳን!» አለችኝና ለሁለት ቡክ አደረግን። ከዚያ እኔ ጉደኛዋ በሰፈራችን መጽሔት የወሬ ገጼ ላይ፣ «ፌርፋክስ ላይ ልብስ ሰፊዋ ቤት በየቅዳሜው ከቶራንስ ሎሚ ይገባል። ጥምቀት ሳይደርስ ሎሚ ተወረወረ!» ብዬ ጻፍኩ።

ስም አልጠራሁም። ለመጥራትስ ምን ቀረኝ! ሎሚውን ቶራንስ ካለው ጓሯቸው እየለቀሙ የሚያመጡት ጋሽ በቀለ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም። ሬስቶራንቱ በር ላይ የሚቆሙት ወንዶች «ጋሼ፣ ሎሚው ደረቷን አገኘው?» እያሉ ሳቁባቸው። ልጃቸውም አነበበችው። «የእናቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ?» አለች አሉ። ጋሽ በቀለ ቀሩ። ሎሚውም ቀረ። ዘነቡም ተወችኝ፤ ይኸው ሁለት ወሯ።

የመጨረሻ ቃሏ ይኼ ነበር፦ «እኔ የነገርኩት ለሮማን ነው። ለመጽሔት አይደለም።»

ረቡዕ

ደረስኩ። ብርድ። ሰኔ ነው ያለው ማነው?

የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ሁለት አልጋ አለው። መስኮት በኩል ያለውን ለእሷ ተውኩት። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

የያዝኩት፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የቁርጥማት ቅባት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ። አንዱ ጥንድ የእሷ ነው፤ ሳንጣላ የገዛሁላት።

ጾም ስለሆነ ምግብ ቸግሮኛል። ያለው በግ ወይ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዘነቡ ደንበኞች ለእነ እትዬ አልማዝ ትቼ ዓሣውን በላሁ። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ አስተናጋጇ ሁለተኛ ሹካ አስቀመጠች። ከዚያ አየችኝና ቀስ ብላ አነሳችው።

«ደርሻለሁ። ነገ ጠዋት ነው ጉዞው» ብዬ መልእክት ላክሁላት። አይታዋለች። አልመለሰችም። ማየቷም ለእኔ ትንሽ ድል ነው።

ሐሙስ

ጉዴን ልጻፍ።

ጠዋት አውቶቡሱ ላይ አስጎብኚያችን ቆጠረችን። ሄልጋ ትባላለች፤ ሃምሳን ያለፈች፣ ረጅም፣ ክንዷ የአናጺ ክንድ የሚመስል። ደግማ ቆጠረች። «አንድ ሰው ጎድሏል» አለችና ወረቀቷን እያየች የዘነቡን ስም እየሰባበረች ጠራችው።

«አትመጣም» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለችኝ። እኔ፣ ወሬ አፌ ላይ የማያድረው! ሞተሩ እየሠራ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዘነቡን መጠበቅ ጀመረ። ጃፓናዊ ሽማግሌ መስኮቱን በእጅጌያቸው ወልውለው ውጭ ውጭውን ይፈልጓታል። አንድ አዲስ ሙሽራ ለሙሽራይቱ «ምናልባት ሆቴሉ ጠፍቷት ይሆናል» ይላታል። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ከማክሰኞ ጀምሮ ስጠብቃት የነበርኩት ብቻዬን ነበር።

ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ እጄን አወጣሁ።

«ጓደኛዬ ናት። አትመጣም።»

«አሟት ነው?»

«አይደለም። አስቀይሜያት ነው።»

ሄልጋ ስሙን አልሰረዘችም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ለሹፌሩ «እንሂድ» አለችው።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ከኋላው መንገድ አለው። በዋሻው ዞረን ከውሃው ጀርባ ቆምን። ከዚያ ሲታይ ከውጭ ያለ ሰው ሁሉ ጥላ ነው። አንዷ ሞላ ያለች ሴት ዘነቡን መሰለችኝና እጄን አውለበለብኩ። ሴትየዋም አውለበለበችልኝ። ሰው ደግ ነው። እስከ ውስጥ ልብሴ በሰበስኩ። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ቀስተ ደመና ይወጣለታል። ሙሽሮቹን ፎቶ አንሱኝ አልኳቸው። ሙሽራው ካሜራውን ይዞ «አንቺን ብቻ?» አለኝ። እኔን ብቻ።

ከሰዓት በኋላ የበረዶ ግግሩ ላይ ወጣን። ነጭ መስሎኝ ነበር፤ አመዳም ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ሰማያዊ። ጫማችን ላይ የብረት ጥርስ አሰሩልን፤ ራሳችን ላይ ቆብ ደፉብን። «እግራችሁን ከፈት፣ ረገጥ! የበደላችሁን መሬት እንደምትረግጡ አድርጋችሁ ርገጡ» አለች ሄልጋ። በዝግታ ረገጥኩ። ግን ይመዝገብልኝ፦ የመጨረሻዋ እኔ አልነበርኩም፤ ሙሽራይቱ ከእኔ ኋላ ነበረች።

በረዶው ላይ ድንጋይ ሞልቷል። ሄልጋ እንዲህ አለችን፦ «ትልቅ ድንጋይ ለበረዶው ጥላ ይሆነዋል፤ ከሥሩ ያለው አይቀልጥም። ትንሿን ግን ፀሐይ ታሞቃትና በረዶውን ቦርቡራ ትገባለች።» ጎንበስ ብዬ አንዷ ጠጠር የሠራችው ቀዳዳ ውስጥ ጣቴን ሰደድኩ። እስከ ሥሩ ገባ። እኔም ያንን ስጽፍ ትንሽ ጨዋታ ናት ብዬ ነበር።

ልጅ ሆኜ አባቴን የበደለ ጎረቤታችን ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በራችን ላይ ሲንበረከክ አይቻለሁ። አባቴ «አውርድ» እስኪሉት ቀና አላለም። እዚያ በረዶ ላይ ቆሜ ትዝ አለኝ። ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አነሳሁ፤ ዘነቡ ልታየው የፈለገችው በረዶ ላይ የዋለ ድንጋይ።

ሄልጋ አየችኝ። «ድንጋዩ እዚሁ ይቀራል።»

«ይቅርታ ልጠይቅበት ነው» አልኳት፤ ወጉንም አስረዳኋት።

«የት ነው የምትጠይቂው?»

«ሎስ አንጀለስ።»

«እዚያ ድንጋይ የለም?» አለች።

አስቀመጥኩት።

ዓርብ

አውሮፕላን። ከጎኔ፣ የዘነቡ ወንበር ላይ፣ ከፊት ቦታ የጠበበው አንድ ሰውዬ መጣና «ሰው አለው?» አለኝ። የለውም አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንኮራፋ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምላትን ሳጠና ነበር፤ አራት ዓይነት አጥንቼ አራቱንም ጣልኩ።

ቅዳሜ

ሎስ አንጀለስ ድንጋይ አለ። ከአፓርትመንታችን አበባ ሥር ማናጀሩ ሳያየኝ አንዱን ነቀልኩ። ከበረዶው ድንጋይ ይከብዳል፤ ወይም ትከሻዬ ነው። ቤቴና ሱቋ ሩቅ አይደለም፤ ድንጋይ ላዘለ ግን ሩቅ ነው። ፌርፋክስ ስደርስ እነዚያው ወንዶች ሬስቶራንቱ በር ላይ ናቸው።

«ሮሚ፣ ጂም ተዘጋ እንዴ?»

«ተዋት፣ ቤት ልትሠራ ነው! የቤቱ ዋጋ አስመርሯት!»

ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ። አለፍኳቸው።

ዘነቡ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ ይዛ የእትዬ አልማዝን ቀሚስ ጫፍ ትለካለች። ድንጋዩን እንዳዘልኩ ተንበረከክሁ። «በድያለሁ። ማሪኝ» አልኩ። ካጠናሁት አንዱም አልመጣልኝ።

ዞራ አላየችኝም። አንድ መርፌ ወጋች። ሌላ ወጋች።

«አንቺ!» አሉ እትዬ አልማዝ፤ «ትከሻዋ ሊወልቅ ነው! በእመብርሃን፣ አውርጂ በያት!»

«እትዬ፣ አይንቀሳቀሱብኝ፤ ጥለቱ ይጣመማል።»

ቀሚሱን ዙሪያውን ጨረሰች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዙሪያውን! የመጨረሻውን መርፌ ከከንፈሯ አውጥታ፣ «ከየት ነው ያመጣሽው? ከበረዶው?» አለች።

«ከእኛ አበባ ሥር።»

የከንፈሯ ጫፍ ነቅነቅ አለ። ሳቅ ነው ብዬ አልምልም።

«እንዴት ነበር?»

«ሁላችንም አንቺን ጠበቅንሽ» አልኩና የአውቶቡሱን ነገር ነገርኳት። ስለ ጃፓናዊው ሽማግሌ ስነግራት ዞር ብላ የስፌት መኪናዋ ላይ ክር መጠምጠም ጀመረች። ክሩ ተጠምጥሞ ነበር።

«በእኔ በኩል አውርጂ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ግን የበደልሽው እኔን ብቻ አይደለም። በጋሽ በቀለ ልጅ ኀዘን ላይ ነው ሰው ያሳቅሽው። ነገ ድንጋዩን ቶራንስ ትወስጂዋለሽ።»

«አብረሽኝ ነይ።»

«አልመጣም። ደግሞ ይህን ከጻፍሽ …»

«ከጻፈች በዚሁ ድንጋይ እኔው ነኝ የምላት!» አሉ እትዬ አልማዝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። ድንጋዩን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዬ ሰው መሰላትና ቀበቶ ካልታሰረ ብላ ጮኸች። አሰርኩለት። እስከ ቶራንስ ጎን ለጎን ሄድን።

አሁን የጋሽ በቀለ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌያለሁ፤ ደብተሩ ጭኔ ላይ ነው። የልጅቷ መኪና ግቢ ውስጥ አለ። በሩን ስትዘጋብኝ፣ ስትሰድበኝ፣ አባቷን «ግቡ» ስትላቸው ሁሉንም አስቤዋለሁ። የሎሚው ዛፍ ከአጥሩ በላይ ይታያል። የሚለቅመው አጥቶ ሥሩ ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

ስልኬ ጮኸ። ዘነቡ! ከሁለት ወር በኋላ ስሟ ስልኬ ላይ።

«እህሳ? አንኳኳሽ?»

«ገና።»

«ሎሚው ደህና ነው?»

«መሬት ላይ እየረገፈ ነው።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ይጭራል።

«እየጻፍሽ ነው አይደል? ይሰማኛል።»

«ለራሴ ነው፣ ዘኔ። ለማንም አይደለም።»

«በይ ክደኚውና ውረጂ። ድንጋዩን እንዳትረሺ።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። ኪሴ ውስጥ እንደተከፈተ ይዤው ልወርድ ነው።