ወይዘሮ ሀረገወይን አሥራት፣ በትንፋሻቸው የተሟገቱ

ይህ የሕይወት ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት መሆኑን፣ በቆምንበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንምላለን። የተጨመረበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ሰው አያምነንም ብለን ብዙ ቀንሰናል።

ወይዘሮ ሀረገወይን ከአባታቸው ከአቶ አሥራት ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ደምሴ፣ ጥር 21 ቀን 1972 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ከዓለም ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው “በላ ልበልሃ” ሲሉ ዳኛ ከወንበሩ የሚነቃነቅላቸው ተሟጋች ነበሩ። በአንድ የድንበር ክርክር ብቻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሰው ረትተዋል። መሬቱ በሬ ቢተኛበት ጭራው ከጎረቤት ማሳ የሚያድር ነበር። አቶ አሥራት ግን “ድንበር ገፊ” ተብለው መዝገብ ላይ መቅረትን ከሞት አስበልጠው ይፈሩ ነበርና ጫማቸው አለቀ እንጂ ነገራቸው አላለቀም። ሀረገወይን ለአባታቸው ስንቅ እያቀበሉ ከችሎት ሥር አደጉ።

በ1980 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከአውራጃው አንደኛ ወጥተው አልፈዋል። ውጤቱ የተለጠፈበትን ወረቀት ዝናብ ባያጥበው ኖሮ ዛሬ ለሁላችሁም እናሳያችሁ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ተሾመ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ሃይሚን፣ ወለዱ። አቶ ተሾመ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው በ2000 ዓ.ም. ወደ ቤሩት መጡ።

ከቤሩት ወጣ ብላ ባለችው በባዕብዳ፣ ክፍሉ አርባ በሚሞላ ቤት ተቀጠሩ። ማዳማቸው ያለ እሳቸው ቦንዡር ማለት የማይሆንላት፣ ጨውና ስኳር የማትለይ ሴት ነበረች። በሰባተኛው ዓመት፣ በኑዌል፣ በገናቸው ዕለት፣ የወርቅ አምባሯን ከገዛ ክንዷ አውልቃ “ሀረግ፣ ሃይዳ ኢሊክ፤ ይኼ ያንቺ ነው” ብላ አጠለቀችላቸው። በ2009 ዓ.ም. የእናታቸው የወይዘሮ የሻረግ ማረፍ ሲሰማ፣ ሀረገወይን ለአንድ ወር ሄደው እርማቸውን ሊያወጡ ፈቃድ ጠየቁ። ማዳም “መሬቱን ማን ያጥባል?” አለች። እሳቸውም ሻንጣቸውን እንኳ ሳይዙ ወጥተው የስደተኛ ሠፈር ወደሆነው ወደ ናባዓ ገቡ። ሳምንት ሳይሞላ ማዳም “አምባሬን የሰረቀች ሐራሚዬ” ብላ ከሰሰች። ሐራሚዬ ማለት ሌባ ማለት ነው፤ ይህን ቃል እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያን ጊዜ በምሕረት ወረቀት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈርሞ መሄድ ይቻል ነበር። ናባዓ በሙሉ ለመናቸው። “አንቺ ሴት፣ ፈርሚና ሂጂ! ዐረብኛውን ዓለም ከተማ ማን ሊያነበው ነው?” አልናቸው። “እኔ አነበዋለሁ፤ ሌባ የሚል ወረቀት በጉያዬ ይዤ እናቴ መቃብር ላይ ምን ብዬ ላልቅስ?” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስማቸው ከዚያ መዝገብ እንዲነጻ።

ጉዳያቸው ስምንት ዓመት ተቀጠረ። አንዴ ዳኛው ተዛውረዋል ተባለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣና መንገድ ተዘጋ። ኮሮና መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ እሳቸው ክፍል ውስጥ መስኮቱ አልጋቸው ላይ ወደቀ፤ ቀጠሯቸው ግን በማግስቱ ነበርና መስታወቱን ከፀጉራቸው እየለቀሙ ሄዱ። የፍርድ ቤቱ በር ተዘግቶ ጠበቃቸው። ቀጥሎ ዳኞች ሥራ አቆሙ፣ ከዚያ ፋይሉ ጠፋ፣ ሲገኝ ደግሞ መብራት የለም፤ የዚያ ሁሉ መጨረሻ ጦርነቱ ሆነ። የአባታቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቢሆን መግቢያ ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም፤ የቀረው ፍርድ ነው።

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ቀኑ ደረሰ። መቶ ሰው በሚይዘው ችሎት ያን ዕለት አራት መቶ ሰው ነበር። በማዳም በኩል አሥራ ሁለት ጠበቃ ተሰልፏል፤ በእሳቸው በኩል በበጎ ፈቃድ የቆመላቸው ጠበቃ አልመጣም፤ አስተርጓሚም አልነበረም። ይህን የጻፈችው የአክስታቸው ልጅ ሸዋረገድ ያን ዕለት ፉርን ኤል ሸባክ በሚባለው ሠፈር ካለው ሥራዋ ባትለቀቅም፣ ነገሩን በዓይኗ ካየ ሰው አብልጣ ታውቀዋለች። ዳኛው “አምባሩን የሰጠችሽ ማዳምሽ ራሷ ናት?” ብለው ጠየቁ። እሳቸውም በአገራቸው ወግ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ ቅንድባቸውን ከፍ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። በእኛ ዘንድ ይህ ከአዎም የጠነከረ አዎ ነው። በሊባኖስ ግን ቅንድቡን ያነሣ ሰው “ላ”፣ አይደለም፣ ብሏል። ጸሐፊውም “ላ” ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ኸላስ፣ አበቃ ብሎ በተቀመጠ ነበር። ሀረገወይን ግን ነጠላቸውን እንደ አባታቸው ጋቢ አጣፍተው “በሕግ አምላክ!” ብለው ሲጮሁ፣ አማርኛ የማያውቅ ሁሉ ባለበት ደርቆ ቆመ። ቀጥለውም በጽሕፈት ዐረብኛ፣ “ጌታዬ፣ አይደለም የሚል ሰው ትንፋሹን ይመልሳል። አዎ የሚል ይቀበላል። እኔ የተሰጠኝን ተቀበልኩ፤ ትንፋሼም እንደ እጄ ነው” ብለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቀመጡ ተሟገቱ። አሥራ ሁለቱ ጠበቆች ቦርሳቸውን ዘጉ። ማዳም “ፓርዶን ሀረግ፣ ፓርዶን” እያለች እግራቸው ላይ ወደቀች። ዳኛው ከወንበራቸው ተነሥተው “ላ” የተባለውን በገዛ እጃቸው ሰረዙ። በሰኔም በነጻ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ ሐበሻ ችሎት ሲቀርብ ዳኞች ጆሮአቸውን ወደ ትንፋሹ እንዲያቀኑ ታዟል።

ኩላሊታቸው ግን ፍርዱን አልጠበቀም። ከግንቦት ጀምሮ አልጋ ላይ ዋሉ። የመውጫ ወረቀታቸው እየተሠራ ነው ሲባሉ፣ ለእናታቸው መቃብር ማልበሻ የሚሆን ጨርቅ በዓይናቸው እየመረጡ ከረሙ። ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ናባዓ በተከራዩት ክፍል አረፉ። ልጃቸው ሃይሚና ወንድማቸው አሸብር አስከሬናቸውን በአገር ቤት ይጠብቃሉ። ቀጠሮ በማይለወጥበት፣ አስተርጓሚም በማያሻበት ችሎት፣ የልብን የሚሰማው ዳኛ ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁማት። አሜን።

በአቶ አሥራት ወግ ቃል ያለ ምስክር አይጸናም። ስለዚህ በናባዓ ስምንት ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል የተጋራችውና በችሎቱም ከኋላቸው የተቀመጠችው እሙሽ፣ ከላይ ያለው ተነብቦላት ከዚህ በታች አረጋግጣ እንድትፈርም ቦታ ተትቷል። ያለችው እንዳለ ተጽፏል።

“እትዬ ሸዋ፣ አጻጻፍሽ ያምራል። ግን እንደዚያ አልሆነም። አራት መቶ ሰው አልነበረም፤ አምስት ሆነን ነው የተቀመጥነው። ማዳሟም አልመጣችም፤ አንዲት ጠበቃ ልካ ስልኳን ስትነካካ ነበር። እትዬ ሀረግ አልጮሁም። ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ዳኛው ለጸሐፊው ‘ላ’ አሉት፣ ጻፈ፤ ፈርሚ አሏቸው፣ ፈረሙ። አዎ እንዳሉ ነው የሚያውቁት፤ ሲወጡም ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን ‘ላ’ ሲባል ሰምቻለሁ። ልነሣ ነበር። ያኒ ማለቴ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ቁጭ አልኩ።

በሰኔ እሳቸው ተኝተው እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ሌባ ናት፣ ከአገር ትውጣ ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ ግድግዳ ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል። ‘እሙሽዬ፣ ምን አሉ?’ አሉኝ። ‘ኸላስ፣ ነጻ ነዎት’ አልኳቸው። ያን ዕለት ምሳ በሉ። አሁን ያነበብሽልኝንም ለጎረቤቱ እያስፋፉ ያወሩት ራሳቸው ናቸው፤ ‘ላ’ ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ዳኛው ሰረዙት ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ።

ፈርሚ ካልሽኝ በዚህ ላይ ነው የምፈርመው። በነጻ ያሰናበታቸው ሌላ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ።”