«ሁለት» ትል ለነበርከው

ግርምዬ፣

«እሱን እኮ ስልክ ነው ያስታመመው» አለች አንዷ በመንፈቅህ ዕለት፣ እኔ ከበሩ ጀርባ ብርጭቆ ስሰበስብ። እውነቷን ነው ብዬ ተቀበልኩ። እንግዲያውስ ስልኩን ጥቁር አልብሼ ሐዘን ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ አንሶላህን ሳጥብ የከረምኩት ለካ የሱ ረዳት ሆኜ ኖሯል።

ከተለየኸኝ ስድስት ወር አለፈ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ያው ነው። አዲሱ ገበያ ያለውን ጎሚስታ ቤትህን ወንድምህ ይዞታል። እንዳንተ ጎማውን በመዳፉ መትቶ አየሩን አያውቅም፤ መለኪያ ይጠቀማል። አንተም ብትሆን የሰው ጎማ እንጂ የራስህን መለካት አልሆነልህም።

ካንሰሩ አጥንትህ ሲገባ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሸኙህ፤ ነርሷ ሲስተር ሰናይት ያንን መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫነችልን። በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ? ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ይላል። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደውላ የሞርፊኑን ሽሮፕ መጠን ታስተካክላለች። ከዚያ በታች ዝም ነው። አንተ ደግሞ እንዴት አደርክ ላለ ሁሉ ተመስገን እያልክ ያደግህ ሰው ነህ። ዜሮ ብትል ውሸት፣ አምስት ብትል ማማረር ሆነብህ። በቃ፣ ሁለት። በየቀኑ ሁለት።

ያን ቅዳሜ የጋቢህን ጫፍ ነክሰህ፣ ላብህ ትራሱን አርሶት፣ ሁለትን ነካህ። «አስር በል!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ደግሞ! እንዴት አደርክ ላለ ሰው እንዲህ ይመለሳል?» አልከኝ።

ስልኩ «መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ። ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም።

ራሴ ለሲስተር ደወልኩና ስልኩን ጆሮህ ላይ ያዝኩልህ። ቁጥር አልጠየቀችህም። ደህና ነዎት? ተመስገን። ቤተሰብ ደህና? ተመስገን። ሥራውስ? ተመስገን። ደግማ «እርስዎስ ግን፣ ጋሼ?» ስትልህ ድምፅህ ተቆራረጠ፤ «ትንሽ ይዞኛል» አልክ።

«ትንሽ ካሉ ዘጠኝ ነው» አለችኝ። መጠኑን ጨመረችልህ። ከቀትር በኋላ ጋቢውን ከጥርስህ ለቀቅከው፣ ተኛህ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥር ከመንካቴ በፊት አራቴ እጠይቅህ ነበር። የእኛ ሰላምታ እውነቱን የሚያወጣው አራተኛው ላይ ነው። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረኝም። ስልኩ የሚጠይቀው አንዴ ነው።

እኔን አታስብ፣ ደህና ነኝ። ያንን «ትንሽ ይዞኛል» ያልክበትን ድምፅ ግን እስካለሁ ይዤው እኖራለሁ።

ለስልኩ መርዶ የነገረው የለም፤ ዛሬም ጠዋት ጠየቀ። ሁለት ነካሁ።