የጣራ ላይ አይጥ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዴንቨር ላይ በረዶ ጣለ። ጠዋት ጥሎ ቀትር ላይ ቀለጠ። ባሌ ወልደየስ ማሞቂያውን ለኮሰው። ከምድር ቤት እንደ አሮጌ መኪና አጓራ፣ ቀጥሎ ንፋሱ በየክፍሉ መውጣት ጀመረ። ከላይ፣ ከሮቤል ክፍል፣ ያ ድምፅ መጣ። ኮሽ… ኮሽ ኮሽ። ከዚያ ዝም።

ወልደየስ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። "ብሎን ነው" አለ። ከሮቤል ልጅነት ጀምሮ ብሎን ነው እንዳለ ነው።

ሮቤል ግን አይጥ ናት ይል ነበር። ብርዱ በገባ ቁጥር ከላይ ይጮሃል፣ "ማም! አይጧ መጣች!" እኔ ደግሞ እናደዳለሁ። "የምን አይጥ? እኔ ቤት አይጥ የለም!" ይስቃል። ካደገም በኋላ፣ ጢም ካበቀለም በኋላ ይስቅ ነበር። ምኑ እንደሚያስቀው አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው…

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አምና ይሄን ጊዜ ልጄ ነበረኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶሲ መጣች፣ ከአውሮራ። የቀረችኝ ልጅ እሷ ናት። ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ማሳል ጀመረች። አስምዋ ከልጅነቷ ነው፤ ዘንድሮ ግን ይሄን ቤት ጭራሽ አልቻለችውም። ድሮ እዚህ ነበር የምታድረው፣ አሁን ምሳ እንኳ ሳትጨርስ ትሄዳለች።

"ማም፣ ዳክቱ ይጠረግ። ዶክተሩም ብሏል።" ዳክት የምትለው የማሞቂያው ንፋስ የሚሄድበትን የቆርቆሮ ቱቦ ነው።

"ቤቴ ንጹሕ ነው።"

"ወለሉን አላልኩም፣ ውስጡን። የስንት ዓመት አቧራ ነው እኮ። ኢትስ ዲስጋስቲንግ!"

ዲስጋስቲንግ አለች፣ አስጸያፊ። የወንድሟን።

እንዴት ብዬ ልንገራት? የሮቤልን ክፍል በሩን ዘግቼ ነው ያስቀመጥኩት። ከልብሱ ጠረኑ ጠፍቷል። ከትራሱም ጠፍቷል። ማሞቂያው ሲነሣ ግን ከጣራው ሥር ካለው የንፋስ ቀዳዳ ይመጣል። የጸጉሩ ቅባት ይሁን፣ ላቡ ይሁን… አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አሸታለሁ። ቄሱ ሲቀብሩት "ትቢያ ነህ" አሉ። ትቢያው ያለው እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው። አስጠርጌ ልጣለው?

ጥቅምት 13፣ ኀሙስ

ሥራ ገባሁ። የሆቴሉን ፎጣ ሳጥፍ ዋልኩ። ሌላ ምንም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ወልደየስ ሳይነግረኝ ሰው ይዞብኝ መጣ። አብዱልናስር ይባላል፣ የመርካቶ ልጅ። ድሮ አብረው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ አሁን ዳክት ጠራጊ ሆኗል። ጨዋታ አዋቂ ነው። ባትሪውን ይዞ ቤቱን ዞረ።

"እትዬ ጌጥነሽ፣ ይሄ ቤት እኮ ሲሠራ ዳክት የሚባል ነገር አያውቅም። በከሰል ነበር የሚሞቀው። በኋላ የመጡት ናቸው አንዱን በቁም ሳጥን፣ አንዱን በጭስ ማውጫው፣ አንዱን በጣራው ሥር አድርገው ያጠላለፉት። የተጣፈ ካፖርት በሉት። የተጣፈ ነገር ደግሞ ስፌቱ ብዙ ነው፣ አቧራ ስፌት ይወዳል።"

የታችኛውን ጥረግ አልኩት። የላይኛው አይነካም።

ሳቀ። "ገላን ግማሹን ታጥቦ ግማሹን መተው አለ እንዴ? አየሩ እኮ ዟሪ ነው፣ ላይ የዋለው ታች ያድራል።"

"አይነካም አልኩህ!"

ወልደየስ ጠቀሰው መሰለኝ፣ ሳቁን ዋጠ። "አፉ ይበሉኝ እትዬ፣ አላወቅኩም። አላህ ያጽናዎት።" መሣሪያውን ከመኪናው ሳያወርድ ሄደ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ወልደየስ ቁጣ አያውቅም። ዛሬ ተቆጣ።

"ጌጤ፣ ስንት ልጅ ነው ያለሽ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሁለት አልኩ።

"የምትተነፍሰው አንዷ ናት። እሷም እዚህ ቤት መተንፈስ አቃታት።"

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ሁለት ነው ያለኝ። ሁለት ብል ምን ይለዋል?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ብርዱ የጉድ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ ሽፋሽፍቴ ላይ እንባዬ በረዶ ሆነ። ማሞቂያው አያርፍም። ከሥራ ከተመለስኩ ጀምሮ ኮሽ ኮሽ፣ ኮሽ ኮሽ… እንግዳ እንደመጣበት ሰው ደስ ብሎኝ አመሸሁ። እንዲህ ዓይነት ደስታ አለ? አለ።

ኅዳር 7፣ እሑድ



ለሙት ዓመቱ ምስር ልንለቅም ሶሲ መጣች። ኅዳር 20 ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፣ ምስርና ሽሮ ነው የምናቀርበው። ስትስል ሂጂ አልኳት። "ዛሬ አልሄድም፣ አብሬሽ ነው የምውለው" አለች። ከዚያ ክፍሉን ልየው አለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ገብታ አታውቅም። ከኮሜርስ ሲቲ፣ ከመጋዘን ሥራው ሲመለስ መንገዱ በረዶ ሆኖ መኪናው ተገለበጠ፤ ጫማው ግን አሁንም አልጋው ሥር እንደቆመ ነው። ጫማውን አየችው። አልጋው ላይ ተቀመጠች።

ማሞቂያው ተነሣ። ኮሽ… ኮሽ ኮሽ።

ሶሲ ፈገግ አለች። ቀና ብላ ቀዳዳውን እያየች፣ "ማም፣ ይሄ እኮ… ነግሮሽ ያውቃል? እኔና ሮቢ…" አልጨረሰችውም፣ ሳሉ ያዛት። ኢንሄለሯን፣ ያንን የአስም መድኃኒቷን አፏ ውስጥ ነፋች፣ ባዶ ነው። ሌላው መኪና ውስጥ ነው። ወልደየስ በካልሲው በረዶው ላይ ሮጠ። እኔ ደግፌ አወረድኳት። ከንፈሯ ጠቆረ። ጥፍሯን አየሁት፣ እሱም ጠቆረ። ደጃፉ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ "ሚካኤል፣ ሚካኤል" ከማለት ሌላ ምን አወቅኩ?

መድኃኒቱ ደረሰ። ቀስ እያለ ትንፋሿ ተመለሰ። ድምፅ ሲወጣት መጀመሪያ ያለችው ምንድነው? "አይዞሽ ማም።"

እኔን። እሷ እኔን።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ለአብዱልናስር ራሴ ደወልኩ። ሁሉንም ጥረገው አልኩት። "የላይኛውንም?" አለ። የላይኛውንም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ ሚካኤል ነው። አብዱልናስር እስላም ሆኖ ቀኑን ከኔ በላይ ያውቀዋል። "መርካቶ ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፣ በየሰፈሩ ቆሻሻው እየነደደ ሰው ከሰው አይተያይም" አለ። "ዴንቨር ላይ የቀረነው እኔና እርስዎ ነን።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ከመጀመሩ በፊት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ታች ወርዶ ጠበቀኝ። በሩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ወልደየስ ማሞቂያውን አስነሣልኝ። ኮሽ… ኮሽ ኮሽ። ንፋሱ ፊቴ ላይ መጣ። ደህና ሁን አላልኩም። እንዴት ይባላል?

ከዚያ ማሽኑ ገባ። የሰው ወገብ የሚያህል ቱቦ ከታች ገጠመ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በላስቲክ ሸፈነ፣ ረጅም ብሩሽ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። ቤቱ በሙሉ አገሣ። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ድረስ። ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ያዝኩ። የልጄን አስከሬን ሲያጥቡት እንኳ እንደዚህ አልሆንኩም።

ድንገት ጸጥ አለ። አብዱልናስር ከላይ ተጣራ።

"እትዬ! እዚህ ቤት ዳክት ውስጥ ቆሎ ይበላ ነበር እንዴ?" እየሳቀ ወረደ። "ብሩሼ መታጠፊያው ላይ እምቢ ሲለኝ ከፍቼ ባየው…" መዳፉን ዘረጋልኝ። ያኔ ራሱም በደንብ አየው። ሳቁ ጠፋ።

"ቢስሚላህ… ጥርስ ነው። የሕፃን ጥርስ።"

ተቀበልኩት። እጄ ውስጥ ምንም አይከብድም። አንዷን አወቅኳት። የፊተኛዋ ናት፣ ጥግዋ የተሸረፈች። ሮቤል ከብስክሌት ወድቆ ነው፣ እዚሁ በራችን ላይ። ደሙን በቀሚሴ ነው የጠረግኩት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አብዱልናስርም አጠገቤ ቁጭ አለ። እንዴት እዚያ ገባ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ቀስ ብሎ፣ "አቧራውንስ እትዬ? ላስቀምጥልዎ?" አለኝ።

ከረጢቱን ከፈተልኝ። ግራጫ ነው፣ እንደ ተባዘተ ሱፍ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዓመት ሙሉ ያን ጠረን ስጠብቅ… የአቧራ ሽታ ነው። አቧራ ብቻ።

ውሰደው አልኩት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለሶሲ ደወልኩ። ጥርስ ተገኘ ስላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ።

"እሱን እኮ ነው ልነግርሽ የነበረው! ማም፣ አንቺ እኮ ነሽ! ከሥራ ደውለሽ ጥርሱን ጣራ ላይ ወርውሩት፣ 'አይጥ፣ አሮጌውን ውሰጂ፣ አዲሱን አምጪ' በሉ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ጣራ ላይ ነው ያልኩት! እኛ አገር ጣራ ላይ ነው የሚወረወረው።"

"የስ! ጣራ ምንድነው ብለን አባን ጠየቅነው። ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ በጣቱ ወደ ላይ አሳየን።"

ጣራ… ውጪ ዝናብ የሚመታውም ጣራ ነው። ቤት ውስጥ ተኝተሽ የምታዪውም ጣራ ነው። ስማቸው አንድ ነው። እኔ ያንን ስል እነሱ ይሄንን ሰሙ።

"ሮቢን ትከሻዬ ላይ አወጣሁት" አለች ሶሲ። "ጥርሱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጥርስ በተነቀለ ቁጥር ወደኔ እየሮጠ ይመጣል፣ ሶሲ ተሸከሚኝ እያለ። ሂት፣ ማሞቂያው ሲነሣ ደግሞ ድምፁን ይሰማና አይጧ አዲሱን ልታመጣልኝ መጣች ይላል። ሲያድግ ነው የገባን። አንቺ ስትናደጂ ስለሚያስቀን አልነገርንሽም።"

ለካ በኔ ነው ይስቅ የነበረው። በኔና በጣራዬ።

ስልኩን ዘግቼ ለወልደየስ ነገርኩት። "እኔ ምን ብዬ?" አለ። ጣቱን ወደ ላይ እንዳሳየ ስነግረው እጁን አነሣና ጣቱን አየው። አገላብጦ አየው። ከዚያ አለቀሰ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰ ሰው። ጭንቅላቱን ያዝኩለት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዓመት ሞላው። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ሰው መጣ፣ በላ፣ አጽናንቶ ሄደ። "እግዜር የቀረችውን ያሳድግልሽ" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ይሄ ቃል ያቃጥለኝ ነበር። ዛሬ አሜን አልኩ።

ሶሲ ሰሐን ስታጥብ ዋለች። አንዴም አላሳለችም። ሰው ሲበተን እጇን ጠራርጋ፣ "ማም፣ ጥርሶቹስ?" አለችኝ።

መቃብሩ ላይ ልቀብራቸው ነው አልኳት።

"ኖ። ጣራ ላይ ነው ያልሽው።"

ጓሮ ወጣን። የወጥ ቤቱ ጣራ ዝቅ ያለ ነው፣ ፀሐይ በረዶውን እያቀለጠው ይንጠባጠባል። ወልደየስም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሶሲ "ጣራ የቱ ነው አባ?" ስትለው ጣቱን አነሣ። በደንብ አነጣጥሮ። ሦስታችንም ሳቅን። ደግሞም አለቀስን።

አንድ በአንድ ወረወርኳቸው። "አይጥ፣ አሮጌውን ውሰጂ…" አልኩ። ቀጥሎ ያለውን አፌ እምቢ አለኝ። አዲሱን አምጪ ብዬ ምን ልለምን? ምን ታመጣልኛለች? ሶሲ ትከሻዬን አቅፋ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በኔ ፈንታ ጨረሰችው። የተሸረፈችዋን ብቻ እጄ አለቅም አለ። መዳፌ ውስጥ ቀረች።

ደክሟት ላይ ወጣች። በሮቤል አልጋ ተኛች። አንሶላውን ትናንት ነው የቀየርኩት።

አሁን በሩ ጋ፣ ደረጃው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ገና አልመሸም። ማሞቂያው አሁን ተነሣ። ኮሽታ የለም፣ ንፋስ ብቻ። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ… ሳል እንዳይመጣ ፈርቼ ጠበቅኩ።

ትተነፍሳለች።