መብራት አጥፍተው ፎቶ ያነሱ የነበሩት የአቶ ተክለ ሃይማኖት ይነሱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተክለ ሃይማኖት ከአባታቸው ከአቶ ይነሱ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪሮስ ደስታ ነሐሴ 24 ቀን 1902 ዓ.ም. ቡልጋ ተወለዱ። ስማቸውን ያወጣላቸው ዕለቱ ነው። ዳዊት እስኪደግሙ ከየኔታ ዘንድ ተምረው በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ከአንድ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ቤትም ተቀጠሩ። መጀመሪያ ወለል ጠረጉ፣ ቀጥሎ ፎቶ አጠቡ፣ በመጨረሻ ካሜራ ጨበጡ።

በ1937 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋርካብሽ በየነን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1941 ዓ.ም. መርካቶ፣ ከአማኑኤል ወረድ ብሎ፣ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ።

ከዚህ ጽሑፍ የመብራቱ ነገር ይቅር ያሉ ዘመዶች ነበሩ። አይቀርም።

በ1955 ዓ.ም. ወይዘሮ ሁሪያ የሚባሉ የወሎ ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ልጃቸውን መሊካን ይዘው መጡ። መሊካን በአራስነቷ ንዳድ ይዟት ከዚያ ወዲህ ራሷ መንቀጥቀጥ አያቆምም ነበር። እናትና ልጅ ሐጅ ሊሄዱ ፓስፖርት ቢጠይቁ የመሊካ ጉርድ ፎቶ «ፊቷ አይለይም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶባቸዋል። መርከቡ ሊነሳ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አቶ ተክለ ሃይማኖት «ቀጥ በይ የኔ ልጅ» ቢሏት ወይዘሮ ሁሪያ፣ «ጋሼ፣ ቀጥ ማለት ብትችል እርስዎ ዘንድ ምን አመጣን?» አሏቸው።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ያን ጊዜ አዲስ የመጣውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ ገዝተው ነበር። ትልልቆቹ አምፖሎች እንደበሩ ፍላሹን ቢያበሩት በረጋው ፊት ላይ ሌላ የተንቀጠቀጠ ፊት ተደርቦ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ያው ነው። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ልጅቷን ብርሃኑ ሲያስጨንቃት አይተው አምፖሎቹን አጠፉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በጨለማ ፎቶ ይነሳል?»

«ፍላሹ አይበቃዎትም?»

አቶ ተክለ ሃይማኖት እንደተቆጡ የካሜራውን ዓይን በጨለማው ከፍተው ፍላሹን አበሩ። ብልጭታው ከጥቅሻ ያጥራል፤ መሊካ ለመንቀጥቀጥ ጊዜ አላገኘችም።

ፎቶው ደርቆ ሲሰጣቸው ወይዘሮ ሁሪያ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። «አፍንጫዋ የአባቷ ነው ለካ!» አሉ። ሃያ ዓመት ያሳደጓትን ልጅ ፊት ረግቶ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ፎቶው አለፈ፤ ሐጅ ደርሰው መጡ። ዛሬም ሁለቱም ከለቀስተኛው መካከል አሉ።

ከዚያ ወዲህ የማያርፍ ሕፃን ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የአትክልት ተራ ወዛደሮች ብርቱካን ሲወራወሩ በጨለማ አንስተው መስኮት ላይ ሰቀሉት። አየር ላይ የቆመውን ብርቱካን «በክር ታስሮ ነው» እያለ መርካቶ የተከራከረበት ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር!

በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን፣ ቀጥሎም ራሳቸውን መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ፎቶ ቤቱን ዘጉ፤ ፎቶ መነሳትም እምቢ አሉ። ባለፈው ጥር ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ካሜራውን ፊት ለፊታቸው አቁመው መብራቱን አጠፉባቸው። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ያኔ የተነሳው ነው። አፋቸው ገርበብ ያለው «አንቺ ሴትዮ» ሊሉ ሲጀምሩ ስለሆነ ነው።

አቶ ተክለ ሃይማኖት መጋቢት 11 ቀን 1964 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም በማያጠፋው ብርሃን ያሳርፍልን።