ዳንቴል ነው ያልኩት አንቴና

ውድ ወንድሜ ኡበይደላ፣

አሰላሙ አለይኩም። በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው ስልክ መርሳ ላይ የተከፈተ ዕለት ድምፅህን ስሰማ እናታችንን ልጠራ ብድግ አልኩ። አንተ ግን ገና «አለን» ሳልልህ «አንቴናዬስ?» አልክ። «ወሰዱት» ስልህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳም። አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? እናታችን «ልጄ መቼ ነው የሚመጣ?» እያለች በር በሩን ታያለች። እንግዲያው የሆነውን ስማና ፍረድ።

አንቴናውን ከወልድያ ያመጣኸው ጊዜ ትዝ ይልሃል? ላስቲክ ላይ የተለጠፈ ስስ መዳብ፣ ሁለመናው የተበሳሳ። ዳንቴል መስሎኝ ቴሌቪዥኑን አለበስኩበት። ጮህክብኝ! ኋላ ራስህ ሳቅህ መጣና አስረዳኸኝ። ሌላ ነገር ሲስቡት ይቀጥናል፤ ይህ ግን ሲስቡት ወደ ጎንም ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ የሚይዘው ሞገድ ይለወጣል። «ጥበቡ መዳቡ ላይ ሳይሆን አቆራረጡ ላይ ነው፤ ሜታማቴሪያል ይባላል» አልከኝ። የአምቡላንስ ሠራተኞች ልብስ ላይ ተሰፍቶ፣ ሐብሩ ገጠር ሲገቡ ሬዲዮ እንዲሠራላቸው ነበር ሐሳብህ። ወላሂ ኮርቼብህ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ አልነገርኩህም።

ከተማችንን የያዙት ታጣቂዎች የመገናኛ ዕቃ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲገቡ አንተ ጓዳ፣ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ነበርክ። አንቴና የተገኘበት ወንድ ሰላይ ነህ ተብሎ እንደሚወሰድ ሰምተናል። የምደብቅበት ጨነቀኝ፤ መልሼ ቴሌቪዥኑን አለበስኩበት። ሌሎቹ አይተው አለፉት። አንደኛው ግን ቆመና ጫፉን ይዞ ሳበው። ሲሰፋበት ጊዜ ደነገጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዳንቴል ነዋ! ለሰርጌ የሠራሁት።»

«በመዳብ?»

«እኛ አገር እንዲህ ነው የምንዳር። አታውቅም እንዴ?»

ያ ሁሉ ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሰውየው ሳቀና ወደ እናታችን ዞረ። «እማማ፣ እኔም እርስዎን የምታህል እናት አለችኝ። ይህን ብወስድላትስ?» አላት።

እምቢ ብል «ለዳንቴል ይህን ያህል ምን አስጨነቃት?» ብሎ ቤቱን ሊበረብር ነው። እሺ ብል ያንተ ልፋት መና ሊቀር ነው። ወዲያው ጓዳ ጆንያው ተንኮሻኮሸ። አቧራው ሊያስልህ ነበር መሰል። ድምፁ እንዲዋጥ ብዬ «ውሰድላት! ምን ችግር አለ!» ብዬ ጮህኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። «አጥብቀህ አትሳበው፣ ይበጠሳል» አልኩት ደግሞ።

በነጋታው በውርጌሳ በኩል በእግርህ ስትወጣ «የወሰደው ሌላ ዳንቴል ነው፤ አንቴናውን ደብቄዋለሁ» ያልኩህ፣ ተከትለሃቸው እንዳትሄድ ፈርቼ ነው። አውቅሃለሁ፣ ትሄድ ነበር።

ለሰው ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ያ ሰው ከደጃፋችን ሲወጣ «አላህ ለእናትህ ያብቃህ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ጎረቤት ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ከመንደራችን የቀበርናቸውን ሳስብ እኔም ራሴን እታዘባለሁ። ግን አልኩት።

ተናደድብኝ፤ መጥተህ ፊት ለፊት ስደበኝ፣ እችለዋለሁ። የሰው ልጅ ለእናቱ እንዲበቃ ዱዓ ያደረግኩ እኔ፣ የገዛ ወንድሜን ለእናቱ ማብቃት አቃተኝ።

እህትህ ቶይባ
ከመርሳ