ከሐዲዱ ወዲህ

ለምወድህ ወንድሜ ለቬርል፦

እንዴት ነህልኝ? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ምላሷማ እንደ ድሮው ነው!

ወሬው አላስቀምጥ ስላለኝ ቶሎ ልንገርህ። ከሕዝብ ቆጠራው በኋላ የካውንቲው አስተዳደር የምርጫ ጣቢያዎቹን ወሰን እንደ አዲስ አሰመረ። መስመሩ የግድ በዓይን የሚታይ ነገር መከተል አለበት አሉና በጅረቱ አስኬዱት። በዚህ የተነሣ እማዬና ጎረቤታችን ጋሽ ኦርቪል ድምፅ ከምንሰጥበት ከሰፈራችን አዳራሽ ተቆርጠው ወደ ከተማው ጣቢያ ተመደቡ። በምርጫ ቀን እማዬን የሚወስዷት እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለህ። እየተነታረኩ ሄደው፣ ለተቃራኒ ፓርቲ መርጠው አንዱ የሌላውን ድምፅ አጥፍቶ፣ አዳራሹ ውስጥ ሾርባቸውን ጠጥተው እየተነታረኩ ይመለሳሉ። አሁን ግን የእሳቸው ዓይን እስከ ከተማ ባለው አውራ ጎዳና አያስነዳም። ስለዚህ ሁለቱም ከምርጫ ሊቀሩ ነበር።

ታዲያ እማዬ ካውንቲው በጠራው ስብሰባ ላይ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። የካውንቲውን ካርታ ሠሪ ልጅ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄን ጅረት በዓይንሽ አይተሽዋል? ከጎርፉ ወዲህ እኮ ቤት ቀይሯል! መስመርሽ የተኛው በቆሎዬ መሃል ነው» ስትላት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ልጅቷ ቦት ጫማ አጥልቃ መጣች። ጅረቱ አሁን በእማዬና በጋሽ ኦርቪል ቤት መካከል እንደሚፈስ አየችና፣ «እርስዎ ወደ አዳራሹ ይመለሳሉ፤ እሳቸው ግን ከተማ ነው» አለቻት እማዬን። እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ከድምፅ አጥፊዋ የሚገላግላት ተገኘ ብዬ። ጋሽ ኦርቪል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እማዬ ግን፣ «አይሆንም! እሱ ከሌለ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ከቤቱ ወዲያ የባቡር ሐዲድ አለ፤ እሱስ አይታይሽም?» ብላ ጮኸች።

«ድምፅሽን ማጥፋቴን እንደሆነ አልተውም» አሏት ጋሽ ኦርቪል።

«አጥፋ! ብቻ በጊዜ ና።»

ቬርል፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዛሬ ጠዋት ወሰኑ በሐዲዱ እንዲሄድ ጸደቀ። ሁለቱም ከሐዲዱ ወዲህ ናቸው፣ ሁለቱም ከአዳራሹ! ምርጫው ገና ዓመት ይቀረዋል፤ እነሱ ግን ማን ያሸንፋል በሚለው ከወዲሁ ተያይዘዋል።

ማርጎን በብዙ ሰላም በልልኝ። ትንሿን ኤልሲን ሳምልኝ፤ ዋይላንን ጆሮውን ቆንጥጥልኝ። እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ኦርቪልም እንዲሁ፤ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «የሱን ሰላምታ ከኔ በታች ጻፊው፤ ግን እንዳትረሺው» ብላኛለች።

እህትህ ኒታ

ዊሎ ቤንድ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 21 ቀን 2021